በመቀስ የተቆረጠ ወንዝ

ባለፈው ወር አምዴ ላይ «ተከዜ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አድርጌ ነበር። ለዚያች አንድ መስመር የመጣው ደብዳቤ ለቀረው ጽሑፍ ሁሉ ከመጣው ይበልጣል። ግማሹ ጥያቄ ነው፣ ግማሹ ሙግት። አንዱ ስድብም ቀላቅሎበታል። ስድቡን ለባለቤቱ ትቼ ሌላውን ዛሬ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ *ጋሼ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ፈተና ላይ «ተከዜና ሰቲት አንድ ወንዝ ናቸው» የሚል እውነት ሐሰት መጣ። እውነት አልኩ፣ ኤክስ ገባብኝ። አባቴ ልክ ነህ ይለኛል። መምህራችን ግን «ካርታው ላይ ሁለት ስም አለ፣ ስለዚህ ሁለት ናቸው» አሉ። ማንን ልመን?*

መልስ፦ አባትህን እመን። አንድ ወንዝ ነው። መምህርህን ግን አትቀየማቸው፤ እኔም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ የአገሪቱን ካርታ ሳልኩ፣ ወንዞቹን በሰማያዊ ጠመኔ። መስመሩ ድንበሩ ጋ ሲደርስ ጠመኔዬን አነሳለሁ። ካርታው የሚያልቀው እዚያ ነዋ! ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ወንዞቹ ድንበሩ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ይደርቃሉ እንዴ?» አለችኝ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። የመማሪያ መጽሐፉን ገልጬ አየሁት። እሱም ላይ ያው ነው፤ ሰማያዊው መስመር ድንበሩ ላይ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ነጭ ወረቀት ነው። የጎረቤት አገር ካርታ ስትገልጥ ደግሞ ከነጭ ወረቀት ውስጥ ብድግ ያለ ወንዝ ታያለህ፣ በሌላ ስም። ታዲያ ሁለት ናቸው ብሎ ማሰብ ምን ይገርማል?

አሁን ያንተን ወንዝ እንከተለው። ተከዜ ከላስታ ደጋ ይነሳል። ጥልቅ ሸለቆ እየፈለፈለ ወደ ሰሜን ይሄድና ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ቆላ ሲወርድ ሰቲት ይሉታል፤ እዚያ ላይ ኢትዮጵያንና ኤርትራን ያዋስናል። ከዚያ ሱዳን ይገባል።

እዚህ ጋ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር አለኝ። «ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል» ማለቴ ስህተት ነው። ሱዳን ገብቶም ሰቲት ነው። ሱዳኖች እዚያ አካባቢ የሠሩትን ግድብ እንኳ የላይኛው አትባራና የሰቲት ግድብ ብለው በሁለቱም ስም ነው የሚጠሩት። ስሙ የሚጠፋው ድንበሩ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ፣ ከአትባራ ጋር ሲገናኝ ነው። አትባራም ቢሆን ባዕድ አይደለም፤ የሚነሳው ከጣና ሰሜን ካለው አገር ነው። ነገሩን የሚያስገርመው ግን ይኼ ነው፦ ከመገናኛው በላይ ያለውን ብትለካ ተከዜ ከአትባራ ይረዝማል። ረጅሙ ስሙን ተነጠቀ፣ አጭሩ ይዞት ቀጠለ። በዚያው ስም አትባራ ከተማ ጋ ናይልን ይቀላቀላል። ናይል ከዚያ በኋላ እስከ ሜዲትራኒያን ድረስ ሌላ ትልቅ ገባር የለውም።

አንድ የሙያ ምክር ልስጥህ። ወንዝ ስትከተል ከምንጩ አትነሳ፣ ከአፉ ተነሳ። ባሕሩ ጋ እርሳስህን አስቀምጥና ሽቅብ ውጣ። ሁለት ካርታ ጎን ለጎን ዘርግተህ ሰማያዊውን መስመር ከሰማያዊው ጋር አጋጥም እንጂ ስም አታንብብ። ስሙን የምታነበው ሥለህ ስትጨርስ ነው።

ጥያቄ፦ *የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ። መኪናዬ ድንበር ስትሻገር ታርጋዋ አይቀየርም። ወንዝ ድንበር ሲሻገር ስሙን የሚቀይረው ማን ነው? ሁለቱ መንግሥታት ተፈራርመው ነው?*

መልስ፦ ወንድሜ፣ የታርጋዋ ነገር አስቃኛለች። ፊርማ ግን የለበትም። ወንዝ ስሙን የሚቀይረው ቋንቋ ሲቀየር ነው። ዳር ላይ የሚኖረው ሰው በራሱ ቋንቋ ይጠራዋል፣ አለቀ። ድንበሩ ብዙ ጊዜ የመጣው ከስሙ በኋላ ነው። ስሙና ድንበሩ አንድ ቦታ ላይ ከተገጣጠሙ በአጋጣሚ ነው፣ ወይም ድንበሩ የተሰመረው ቋንቋውን ተከትሎ ነው።

ጥሩ ማሳያ የሚሆነው ብራህማፑትራ በሚል ስም የሚታወቀው የእስያ ወንዝ ነው። ቲቤት ውስጥ ያርሉንግ ሳንግፖ ይባላል። ከሂማላያ ጀርባ ወደ ምሥራቅ ይጓዝና 7,782 ሜትር የሚረዝመውን የናምቻ ባርዋ ተራራ ዞሮ ወደ ደቡብ ይወረወራል። ሕንድ ሲገባ ብራህማፑትራ አይደለም፤ መጀመሪያ ሲያንግ ነው። ዲባንግና ሎሂት የሚባሉት ወንዞች ሲቀላቀሉት፣ አሳም ሜዳ ላይ፣ ያኔ ብራህማፑትራ ይሆናል። ልብ ይበሉ፣ እዚህ ጋ ስሙ የተቀየረው በአንድ አገር ውስጥ ነው፣ ኬላ በሌለበት። ባንግላዴሽ ሲገባ ጃሙና ይባላል። እዚያው ጋንጅስን ያገኛል፤ ጋንጅስም ባንግላዴሽ ውስጥ ፓድማ ተብሏል። ተቀላቅለው ፓድማ ይሆናሉ፣ ጥቂት ወርደው ደግሞ ሜግና። በዚህ ስም ባሕር ይገባሉ። አንድ ጠብታ ውሃ ከቲቤት ተነስቶ ባሕር እስኪደርስ ስድስት ስም ይለብሳል።

በዚህ ስም ብዛት የተነሳ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የካርታ ሰዎች የቲቤቱ ሳንግፖና የአሳሙ ብራህማፑትራ አንድ ይሁኑ ሁለት ሲጨቃጨቁ ኖሩ። መሐል ያለውን ሸለቆ ያለፈበት የለም። በዚህ መሐል ኪንቱፕ የሚባል ሰው ይመጣል። ሂማላያ ሥር ያለችው የሲኪም ሰው ነው፣ ማንበብና መጻፍ አይችልም። ታሪኩን በወጣትነቴ ካነበብኩት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ስለዚህ ትንሽ ይታገሱኝ።

በ1880 በእንግሊዞች የሚመራው የሕንድ ቅየሳ መሥሪያ ቤት ኪንቱፕን ከአንድ ቻይናዊ መነኩሴ ጋር ወደ ቲቤት ላከው። ሸለቆውን ማለፍ ካልቻሉ ምልክት ያለበት ግንድ ወንዙ ውስጥ እንዲጥሉ ተነገራቸው። ታች አሳም ላይ የሚጠብቁ ሰዎች ይኖራሉ። ግንዱ ከታየ ወንዙ አንድ ነው ማለት ነው። መነኩሴው ግን መንገድ ላይ ኪንቱፕን ባሪያ አድርጎ ሸጠውና እብስ አለ። ኪንቱፕ አመለጠ። አሳዳጆቹ ሲደርሱበት አንድ ገዳም ተጠጋ። የገዳሙ አለቃ ገንዘብ ከፍሎ ገዛው። እንግዲህ እዚህ ላይ ማንም ሰው «በቃኝ» ይላል። ኪንቱፕ አላለም። ለገዳሙ እየሠራ «ለመሳለም ልሂድ» ብሎ ፈቃድ ይጠይቅና ግንድ ይቆርጣል። አምስት መቶ ቆረጠ። ደበቃቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ ፈቃድ ጠይቆ የቲቤት ዋና ከተማ ላሳ ድረስ ሄደና ግንዱን የሚጥልበትን ቀን የሚናገር ደብዳቤ አጽፎ ላከ። ተመልሶ ገዳሙን ለወራት አገለገለ። በመጨረሻም ተለቀቀና፣ ቀኑ ሲደርስ በቀን ሃምሳ እያደረገ ለአሥር ቀን ግንዶቹን ወንዙ ውስጥ ጣላቸው።

ደብዳቤው አልደረሰም። ኪንቱፕን የላከው መኮንንም ታሞ ሕንድን ለቆ ሄዶ ነበር። አምስት መቶዎቹ ግንዶች አንድም ሰው ሳያያቸው አሳምን አልፈው ሄዱ። ኪንቱፕ ከአራት ዓመት በኋላ ተመልሶ ያየውን ሲናገር ብዙዎቹ አላመኑትም። በ1913 ሁለት የእንግሊዝ መኮንኖች ሸለቆውን አካባቢ ሄደው አዩ። አንድ ወንዝ ነው።

በዚህ ወንዝ ላይ ሌላም አለ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ የዛሬው ባንግላዴሽ ውስጥ፣ ዋናው ውሃ የድሮ ቦዩን ትቶ ወደ ምዕራብ ዞረ። ስሙ ግን አብሮት አልዞረም። የድሮው ቦይ ዛሬም አሮጌው ብራህማፑትራ ይባላል፣ ትንሽ ወንዝ ሆኖ። ትልቁ ውሃ ጃሙና ነው። ቤቱን ለቆ ሲወጣ ስሙን በር ላይ ሰቅሎ የሄደ ሰው በሉት።

ጥያቄ፦ *ስሙም ውሃውም አብሮ የሚጠፋ ወንዝ አለ?*

መልስ፦ አለ። መረብ ከኤርትራ ደጋ ይነሳል፣ ከኢትዮጵያ ጋር ድንበር ይሆናል፣ ሱዳን ውስጥ ጋሽ ይባላል። የከሰላ ከተማን አለፍ ብሎ አሸዋው ውስጥ ይዘራና ይሰምጣል። ባሕር አያውቅም። ሌላው ኦካቫንጎ ነው። አንጎላ ላይ ኩባንጎ፣ ናሚቢያ ላይ ካቫንጎ፣ ቦትስዋና ላይ ኦካቫንጎ። ሦስቱን ስም ጮክ ብለው ቢጠሩ አንዱን ቃል ሦስት ሰው አፍ ውስጥ እንደሰሙት ነው። እሱም መጨረሻው አሸዋ ነው። ከመስመጡ በፊት ግን ተዘርግቶ ሰፊ ረግረግ ይሠራል። ያ ረግረግ በ2014 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ 1,000ኛው ሆኖ ተመዝግቧል።

ጥያቄ፦ *ወንዝ ድንበር ሲሆን መስመሩ የቱ ጋ ነው? ወንዙ ቦታ ቢቀይርስ መሬቱ የማን ይሆናል? በአባቶቻችን መሬት ከጎረቤት ጋር በጅረት ምክንያት ስለተካሰስን ነው የምጠይቀው። (የጡረታ ሰው)*

መልስ፦ አባቴ፣ የእርስዎን ክስ አላውቅም። አገሮችም ግን በዚሁ ተካሰዋል።

ጀልባ በሚሄድበት ወንዝ ላይ የተለመደው፣ መስመሩን በጥልቁ የውሃ መንገድ ላይ ማስመር ነው። ሁለቱም ጀልባ እንዲያሳልፉ። ካልሆነ በወንዙ እኩሌታ ይሰመራል። ችግሩ እርስዎ ያሉት ነው፤ ወንዝ ካስማ አይደለም፣ ይንቀሳቀሳል።

አሜሪካኖች ሪዮ ግራንዴ የሚሉት፣ ሜክሲኮዎች ደግሞ ሪዮ ብራቮ የሚሉት ወንዝ አለ። አንድ ውሃ ነው፣ በአንድ ቦታ ላይ ሁለት ስም። ወዲህ ማዶ ቆመው ሲጠሩት «ትልቁ»፣ ወዲያ ማዶ «ቁጡው» ነው። በ1848 ውል ድንበር ሆነ። በ1864 ጎርፍ መጣና ወንዙ ኤል ፓሶና ሲዩዳድ ሁዋሬዝ በሚባሉት ከተሞች መሐል ወደ ደቡብ ተገፋ። ቻሚዛል የሚባለው የሜክሲኮ መሬት በአንድ ጊዜ ከወንዙ ሰሜን ተገኘ። የኛ ነው፣ የኛ ነው ተባባሉ።

በ1884 ሁለቱ የተዋዋሉት ደንብ ለእርስዎም ይጠቅም ይሆናል፦ ወንዙ ዳርቻውን ቀስ በቀስ እየበላ ከሄደ ድንበሩ አብሮት ይሄዳል፤ በድንገት ዘሎ አዲስ ቦይ ካበጀ ግን ድንበሩ አሮጌው ቦይ ላይ ይቀራል። ደንቡ ጥሩ ነው። ግን ቀስ ብሎ ነው ወይስ ዘሎ ነው የሚለውን ማን ይመስክር? በ1911 ዳኞች ተሰይመው አብዛኛውን ለሜክሲኮ ፈረዱ። አሜሪካ አልቀበልም አለች። ነገሩ ያለቀው በ1963 በተፈረመ ውል ነው። ያኔ ደግሞ የወሰዱት እርምጃ ያስቃል፤ ወንዙን በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ አስገቡት። እንዳይነቃነቅ።

ጥያቄ፦ *መንግሥት ወንዝን በአዋጅ ስሙን መቀየር ይችላል?*

መልስ፦ በራሱ ካርታ ላይ ይችላል። ሞቡቱ በ1971 አገራቸውን ኮንጎን ዛየር አሉት፣ ወንዙንም ዛየር። ግን ወንዙ የሁለት አገር ነው። ኪንሻሳ ቆመው ማዶ ሲያዩ የሌላዋ ኮንጎ ዋና ከተማ ብራዛቪል ትታያለች፤ የብራዛቪል ሰዎች «እኛ ኮንጎ እንላለን» ብለው ቀጠሉ። መሐል ላይ መረብ የጣለ ዓሣ አጥማጅ ግማሹን ዓሣ ከዛየር፣ ግማሹን ከኮንጎ አወጣ ማለት ነው። በ1997 ሞቡቱ ሲወድቁ ወንዙም ወደ ኮንጎ ተመለሰ።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ስሙ ራሱ ነው። የቅኝ ገዥን ስም አንፈልግም ተብሎ የተመረጠው «ዛየር» ፖርቱጋሎች የአገሬውን ቃል አጣመው የጻፉት ነው። የአገሬው ቃል ትርጉሙ ወንዝ ነው፣ ወንዞችን ሁሉ የሚውጥ ወንዝ።

አንዳንዴ ግን አዋጁ ይጸናል። ኦሞ የሚገባበት ሐይቅ በ1888 በአንድ የአውሮፓ አሳሽ የኦስትሪያ ልዑል ስም ተሰጥቶት ሩዶልፍ ይባል ነበር። በ1975 ኬንያ በዳርቻው በሚኖረው ሕዝብ ስም ቱርካና አለችው። ዛሬ ሩዶልፍ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ካርታው አሮጌ ነው።

ጥያቄ፦ *አባይ ሰማያዊ ሆኖ አይቼው አላውቅም፣ ክረምት ላይ ቡና ነው የሚመስለው። «ብሉ ናይል» የሚለው ስም ከየት መጣ?*

መልስ፦ ካርቱም ላይ የሱዳን ሰዎች አዝረቅ ይሉታል። ቃሉ በዓረብኛ ሰማያዊ ነው። ሱዳን ውስጥ ግን ለጥቁርም፣ ጠቆር ላለ ነገርም ይውላል። ፈረንጆቹ በመዝገበ ቃላት ሲተረጉሙት ሰማያዊ ሆነና ቀረ። እኛ ደግሞ በአማርኛ ጥቁር አባይ እንላለን፣ ይኼ ለሱዳኖቹ ሐሳብ የቀረበ ነው። ካርቱም ላይ ሁለቱ ወንዞች የሚገናኙበት ቦታ ሙግራን ይባላል። ውሃዎቹ ወዲያው አይዋሐዱም፤ ነጣ ያለውና ጠቆር ያለው ለተወሰነ መንገድ ጎን ለጎን ይሄዳሉ። ስሙ የወጣው እዚያ ቆሞ ሁለቱን ባነጻጸረ ሰው ዓይን ነው።

«ዋናው ናይል ታዲያ የቱ ነው?» ላላችሁኝ፦ በርዝመት ከሆነ ነጩ። በውሃ ከሆነ፣ ከዋናው ናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው የሚመጣው፤ ትልቁ ድርሻም የጥቁር አባይ ነው። ተከዜ ላይ ደግሞ ርዝመት እንዳላዋጣ አይተናል። ሕግ የለውም ማለት ነው። እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል የሚመጣውን፣ ደጃችንን ያልረገጠውን ወንዝ «ነጭ አባይ» ብለን በራሳችን ወንዝ ስም ጠርተነዋል። ማንንም አላስፈቀድንም።

ጥያቄ፦ *ብዙ አገር የሚያልፍ ወንዝ የትኛው ነው? ቶሎ መልስልኝ፣ ውርርድ አለብኝ።*

መልስ፦ ዳንዩብ፣ አሥር አገር። ዶናው፣ ዱናይ፣ ዱና፣ ዱናቭ፣ ዱነረያ እየተባለ። ሞልዶቫ የሚደርሳት ዳርቻ ከአንድ ኪሎ ሜትር ያነሰ ነው፣ ግን ትቆጠራለች። ተወራራጅህ ዘጠኝ ካለ ሞልዶቫን ረስቷል። ግማሹን ላክልኝ።

ጥያቄ፦ *ባለቤቴ የሶማሌ ክልል ሰው ነው። «ዋቢ ሸበሌ ወንዝ» ስል ይስቅብኛል። ምን አጠፋሁ?*

መልስ፦ እህቴ፣ «ወንዝ ሸበሌ ወንዝ» እያልሽ ነዋ! በሶማልኛ ወቢ ማለት ወንዝ ነው። ሸቤል ደግሞ ነብር። የነብር ወንዝ ማለት ነው። ቢሆንም ብቻሽን አይደለሽም። እንግሊዞች አገር ኤቮን የሚባል ወንዝ አለ፤ ኤቮን በጥንቱ የአገሬው ሰው ቋንቋ ነው፣ ወንዝ ማለት። እነሱም «ወንዝ ወንዝ» እያሉ ስንት መቶ ዓመት ኖረዋል። እንግዳ መጥቶ «ይኼ ምንድን ነው?» ይላል፤ ባለአገሩ «ወንዝ ነዋ» ይለዋል፤ እንግዳው ስሙ መስሎት ይጽፈዋል።

ለባለቤትሽ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂልኝ። ሸበሌ ሱማሊያ ገብቶ ወደ ሞቃዲሾ ይቀርባል፣ ባሕሩ አፍንጫው ሥር ነው። ከዚያ ባሕሩን ትቶ በዳርቻው ትይዩ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይታጠፍና ረግረግ ውስጥ ይጠፋል። ዝናብ የበዛ ዓመት ብቻ ነው ጁባ የሚባለው ወንዝ ጋ የሚደርሰው። ጁባ ማን እንደሆነ ይነግርሽ እንደሆነ እይው። ገናሌና ዳዋ ዶሎ ላይ ተገናኝተው ነው ጁባ የሚሆኑት። ይኼን ካላወቀ በተራሽ ሳቂበት።